የግራ እግሬ ጉዳይ

ኩንታል የሚያሸክመኝ ሰው ስልኩን ሊያነሳ ብሎ እጁን ለቀቀ፤ ወገቤን ጎዳኝ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጥቶ፣ እኔ በተኛሁበት፣ በሥራ ጓደኞቻችን ፊት «ራሱ አዳልጦት ነው» አለ። በደሉ ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ሲጀምር ነው፤ በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጄ ሊሆን በሚችል መምህር ፊት ቁጭ ብዬ። ስለዚህ ማሳመር አላውቅም። መዋሸትም አልተማርኩም፤ ዘግይቼ ስለገባሁ አልፎኝ ይሆናል።

ሮቤ ውስጥ ስንዴ መጫን እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ኩንታሉን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ላይ ያነሱታል፤ አሸካሚ ይባላሉ። ተሸካሚው ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ይጠብቃል። አያያቸውም። መቶ ኪሎ ከኋላው ሲመጣበት የሚያምነው እጃቸውን ብቻ ነው። ኩንታሉ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ሚዛኑን አስተካክሎ «ያዝኩ» ይላል። ያኔ ይለቃሉ። «ያዝኩ» ሳይባል እጅ አይለቀቅም። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ ግን ከእኛ መጋዘን ጀምሮ እስከ ጊኒር ድረስ ጆንያ የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛም ሕግ አለን። ተሸካሚ በራሱ ጥፋት ከተጎዳ ተርታው አርባ ቀን ይጠበቅለታል። በአርባ ቀን ካልተመለሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። በሰው ጥፋት ከተጎዳ ግን እስኪድን ድረስ ተርታውን ማንም አይነካበትም፤ ያጠፋውም ሰው የራሱን ሥራ ጨርሶ የተጎዳውን ተርታ ይሸከማል። ውሸቱ ለምን እንደተዋሸ አሁን ገባችሁ።

ታኅሣሥ ነበር፤ ኮምባይነሮቹ ገና ከማሳ አልወጡም። ጠዋት ውርጩ ወደ መኪናው የምንወጣበት ሳንቃ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጥና ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። ስድስት ጭኜ ለሰባተኛው አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ከግራዬ በኩል ስልክ ጮኸ። የጥሪው ድምፅ የአውራ ዶሮ ጩኸት ስለሆነ ሁሌ እንስቅበት ነበር። ያን ቀንም ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ወዲያው የኩንታሉ ግራ ጎን ባዶ ሆነና ክብደቱ ሁሉ ተጣሞ ወረደብኝ። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ሰማሁት፤ የተሰማኝ ብቻ ሳይሆን በጆሮዬም የሰማሁት ነው የሚመስለኝ። ከመቀመጫዬ ሥር የጋለ ሽቦ ተነሳና በጭኔ ኋላ፣ በባቴ ጎን ወርዶ የግራ እግሬ አውራ ጣት ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከእግሬ ጨርሶ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ጓደኞቼ መጡ። የቡድናችን መሪ ድምፁ ወፍራም የሆነ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። «አብሽር፣ አንተ ግመል! ግመልም ይወድቃል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። እኔ የሆነውን ተናገርኩ። አሸካሚው ተነሳ።

«ማርያምን! ሳንቃው እርጥብ ነበር። ራሱ አዳልጦት ነው።»

«ስልክህስ?» አልኩት።

«ስልኬ ሁሌም ይጮሃል። በጮኸ ቁጥር ሰው ይሰበራል?»

ጥቂቶች ሳቁ። መሪው በዚያን ዕለት የኩንታሉን ቀኝ ጎን ወደያዙት ሽማግሌ ዞረ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ናቸው፤ አባ እንላቸዋለን። «እርስዎስ አባ? ምን አዩ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ፣ «እኔ የያዝኩትን ጎን ነው ያየሁት» አሉ።

ባለቤቴ ከበር ላይ ሆና፣ «እንግዲያው የወደቀበት ግማሽ ኩንታል ነው በሉን!» አለቻቸው። ማንም አልሳቀም። መሪው አርባ ቀን ቆጠረልኝና ወጡ። አሸካሚው ሲወጣ ፍራሼን ላለመርገጥ በጥንቃቄ ተራመደ። ያ ጥንቃቄው ከሁሉ በላይ አናደደኝ።

አርባው ቀን ሲጀምር ምንም አልፈራሁም። ወገብ ነው፣ ይታሻል፣ ይድናል ብዬ ነበር። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ወጌሻው ቅቤ ቀባኝ፣ ሁለት ሰዎች እጅና እግሬን ያዙልኝ፣ እሱ በተረከዙ ወገቤ ላይ ወጣ። ጮኽኩ። «ጩኽ፣ እየወጣልህ ነው» አለኝ። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በሦስተኛው ከምንጣፉ ስነሳ የግራ እግሬ ፊት አልተነሳም። ተረከዜ ይሄዳል፣ ጣቶቼ ግን መሬቱን እየጫሩ ይቀራሉ። ወጌሻው አየና፣ «ሕመሙ በጣት በኩል እየወጣ ነው» አለ። እኔም አመንኩት፤ ምን ይደረግ፣ ሌላ ማመኛ አልነበረኝም።

ያላመነችው ባለቤቴ ናት። ግቢው ውስጥ ስሄድ ከኋላዬ ቆማ ስታዳምጥ ቆየች። አዎ፣ ስታዳምጥ። «የአንዱ እግርህ ድምፅ ሌላ ሆኗል» አለችኝ። ቆምኩ፤ እንደገና ተራመድኩ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጠርጋል። ያኔ ነው ፍርሃት የገባብኝ። መስጊዱ ደጃፍ ላይ በሁለት ምርኩዝ የሚቆም ሰው አለ፤ ድሮ ተሸካሚ ነበር። በእሱ በኩል ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ያን ዕለት ዓይኔን የማዞርበት አጣሁ፤ ሰውዬው የራሴ ግቢ ውስጥ ነበር።

ጎባ ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ በእጁ አሳየኝ፤ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ነገር ከቦታው ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ተጭኖታል። ሳያቲክ የሚሉት ነርቭ ነው። «መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ እንሞክር። ካልሆነ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካሉ» አለኝ። ወገቡን ተቀዶ የተመለሰ ሰው በስም አላውቅም። ተቀዶ ያልተመለሰ ግን፣ እውነትም ይሁን ወሬ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይነግርሃል።

የፊዚዮቴራፒው ክፍል አንድ ከፍ ያለ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ይዘው የሚራመዱበት ሁለት የብረት ዘንግ አለው። ሠራተኛዋ አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ እጅጌዋን ጠቅልላለች።

«ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁና በጀርባዎ ይተኙ።»

በሩን አየሁ። «ወንድ የለም?»

«አለ። ዛሬ ወንዱ እኔ ነኝ።»

ሳልወድ ሳቅኩ፤ ስስቅ ወገቤ ወጋኝ። ተኛሁ። የግራ እግሬን ሳላጥፈው ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችው። ገና ግማሽ ሳይደርስ ሽቦው ተነሳ፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጥኩ። እሺ ብላ አወረደችው። ከዚያ አንዲት ጣቷን አውራ ጣቴ ላይ አደረገች።

«ወደ ራስዎ ይሳቡት። እኔ ስገፋው እንዳያስጥሉኝ።»

ሳብኩ። በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ወደቀ። መቶ ኪሎ ይዞ ሳንቃ ላይ የሚወጣ እግር በአንዲት ልጅ ጣት ተሸነፈ። ፊቷን አየሁ፤ ምንም አላሳየችኝም። ሐኪም ፊቱን ሲደብቅ የባሰ ያስፈራል።

«ይሞታል?» አልኳት።

«ማን?»

«እግሬ።»

«ደክሟል እንጂ አልሞተም። ይህን በሁለት ሳምንት ደግመን እናያለን።» ከዚያ ሽቦ ያለው ማሽን ወደ አልጋው ጎተተች።

ኤሌክትሪክ እንደሆነ ሳውቅ ተነስቼ ተቀመጥኩ። «ዶክተር፣ እኔ ሌባ አይደለሁም» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ሌባን በኤሌክትሪክ ያናዝዛሉ ሲባል ሰምቼ ይሆናል።

«ዶክተር አይደለሁም። ሂን ሶዳቲን፤ አይፍሩ። ጉንዳን የሚሄድብዎት ነው የሚመስልዎት።»

ሁለት ነገር ወገቤ ላይ፣ ሁለት ባቴ ላይ ለጠፈች። እውነትም ጉንዳን ነበር። ግን ሠራዊት ጉንዳን። እያንዳንዷን ቁልፍ ስታዞር የማውቀውን ሁሉ ዱዓ አደረግሁ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኽኩ። እሷ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ጠራርጋ አነሳችውና፣ «ለማንኛውም ይኼ ሕመም ያስታግሳል እንጂ አያድንም። የሚያድንዎት መብራት የማይፈልገው ነው» አለች።

መብራት የማይፈልገው እንዲህ ነው። በሆዴ እተኛለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ፤ ቀጥሎ በክርኔ ተደግፌ ደረቴን አነሳለሁ፤ ቀጥሎ ወገቤን መሬት ላይ ትቼ በእጆቼ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሌላው ደግሞ የነርቩ ነው። ተቀምጬ እግሬን ስዘረጋ ራሴን ቀና፣ እግሬን ሳጥፍ ራሴን ዝቅ። ነርቩ ተጣብቆ እንዳይቀር በመንገዱ ወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል አለችኝ። «ይንሸራተት ነው ያልኩት። አይጎትቱት።» በመጨረሻ መራመድ፤ በደልዳላው መንገድ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ እስኪደክመኝ ሳይሆን ከመድከሜ በፊት እስክመለስ።

አንድ የገረመኝ ነገር ነገረችኝ። «ሕመሙ ከእግርዎ እየለቀቀ ወገብዎ ላይ ቢበረታ ደስ ይበልዎት። ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ግን ያቁሙ።» እንግዲህ የባሰ ማመም ደስታ ሊሆን ነው። ወጌሻውም «ጩኽ» ብሎኝ ነበር፤ ልዩነቱ ገና አልገባኝም።

ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሽንት እምቢ ካለዎት፣ ወይም ሲቀመጡ መሬት የሚነካው የሰውነትዎ ክፍል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከከዱዎት፣ ተራ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

የዚያን ቀን የሰጠችኝን ሁሉ እረሳ ይሆናል፤ ይህን አልረሳሁም። ከዚያ ጀምሮ ሽንቴን እንደ ዘበኛ ጠበቅኩት። በቀን አሥር ጊዜ ሱሪዬን በእጄ እየጫንኩ መቀመጫዬ መኖሩን አረጋግጥ ነበር። ሰው ካየኝ ቁልፍ እንደጠፋው ሰው ኪሴን እዳብሳለሁ።

ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር በእጇ ጽፋበታለች። እቤቴ ስንዴ በምናሰጣበት ሸራ ላይ ተኝቼ ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ ሠራሁም። በሳምንቱ ሽቦው ከጣቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ባቴ ላይ ነበር። ጎባ ስሄድ አውራ ጣቴ ጣቷን ትንሽ ተከራከራት። «አየሽ?» አልኳት። «አየሁ። አሁንም አሥር» አለችኝ።

ከአርባው የቀረኝ ከሁለት ሳምንት ጥቂት የሚበልጥ ቀን ነበር። ጥፋቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ንባቡን ስቼ አይደለም፤ አሥር ይላል፣ አሥር ብዬ አንብቤአለሁ። ግን እኛ መኪና ከቆመ ጭነን ነው የምንለየው። ዛሬ አሥር፣ ነገ አሥር የሚባል ሥራ በእድሜዬ አላውቅም። ታዲያ አሰብኩ፤ የሳምንቱን ዛሬ ከጨረስኩ አንድ ሳምንት አተርፋለሁ። የሚቀጥለውንም በሌላ ቀን። አርባው ሳይሞላ እነሳለሁ።

ከቁርስ በኋላ ጀመርኩ። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ቆጠረችኝ።

«አሥር አልተባልክም?»

«መኪና ግማሽ ተጭኖ ይሄዳል?»

«አንተ መኪና ነህ?»

«ዝም በይ፣ ቁጥር አጠፋሽብኝ።»

መቶ ካለፍኩ በኋላ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ደስ አለኝ፤ ላብ የማውቀው ነገር ነው። የነርቩንም እንዲሁ። መንሸራተት የተባለውን ገመድ እንደማጥበቅ ጎተትኩት። አመመኝ። እያመመኝ «እየወጣ ነው» አልኩ። የወጌሻው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ተረከዙም ወገቤ ላይ። ከቀትር በፊት የሳምንቱን ጨረስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሽቦው አልነበረም። ለአፍታ ዳንኩ አልኩ። ከዚያ እግሬን መሬት ላይ ሳደርግ መሬቱም አልነበረም። ከጉልበቴ በታች የሌላ ሰው እግር ተሰፍቶብኝ ነበር። ቆነጠጥኩት፤ ዝም አለኝ። ግድግዳ ይዤ ወደ መጸዳጃው ሄድኩ። ቆምኩ። አልመጣም።

ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል፤ ግን ላብ ያጠምቀኛል። ስለ ተርታዬ አላሰብኩም፤ ስለ አሸካሚው አላሰብኩም። ያሰብኩት ባለቤቴ ሕፃን እንደምትለውጥ እኔን ስትለውጥ ነው። ያን ካየሁ መሞት ይሻለኛል አልኩ፤ ይህን ማለት ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ። ሱሪዬን በእጄ ጫንኩ፤ የተሰማኝ እውነት ይሁን ምኞት መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ መጣ፤ ትንሽ፣ እየተቆራረጠ። ቆርቆሮውን ተደግፌ አለቀስኩ። እዚህ ላይ ልደብቀው ፈልጌ ነበር፤ ይጻፍ።

ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ ጎንበስ ብዬ ቆሜ ሄድኩ። ረዳቱ «ሼኪ፣ ተቀመጥ፣ ትራፊክ አለ» ይለኛል። ባለቤቴ «መቀመጥ ቢችል ኖሮ ይቆም ነበር?» አለችው።

ሠራተኛዋ በር ላይ አየችኝና የያዘችውን በሽተኛ ይቅርታ ጠይቃ ወደ አልጋው ወሰደችኝ። በጥጥ ነካችኝ፣ በመርፌ ጫፍ ነካችኝ፣ እዚህም እዚያም «ይሰማዎታል?» እያለች። የሚያሳፍረውን ቦታ በባለቤቴ ፊት ሐኪሙን ጠርታ አስመረመረችኝ። ሁለቱም ተነጋገሩ። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ከመዳን አላለፈም» አለች። «ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልተቆረጠም። ስንት ሠሩ?»

«የሳምንቱን።»

«በስንት ቀን?»

ባለቤቴ ቀድማኝ «ከቁርስ እስከ ምሳ» አለችላት።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ አሥር ያልኩት ከዚያ በላይ መቁጠር ስለማልችል ይመስልዎታል?»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ እየተቆጣች ነገረችኝ፤ ሁለት ቀን ምንም የለም፤ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ አራት። ነርቭ በጉልበት አይሸነፍም፤ ይለመናል። የአርባውን ቀን ነገር ነገርኳት። አንድ ኩንታል ብቻ፣ ለምስክር ያህል፣ ብሸከምስ አልኳት።

«አንድ ኩንታል ይሸከሙና በማግስቱ እኔ ጋ አይምጡ። ያኔ የሚሄዱት ቢላዋ ወዳለበት ነው። እሱም ከደረሰልዎት።»

ሦስት። ከዚያ አራት። ከዚያ አምስት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ጭነት አልተሸከምኩም።

አርባኛው ቀን ላይ በጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሁሉም ነበሩ። እግሬ መጥረጉን ትቷል፤ ግን ረግጦ የሚያምነኝ አልነበረም፤ እኔም አላምነውም። መሪው እንዳየኝ፣ «ግመላችን መጣ!» አለ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ፣ «አንድ ጫን። አንድ ብቻ። ከጫንክ ተርታህ ያንተ ነው፤ የስልኩም ክስ ይቅር» አለኝ።

ሸክም ሊያስነሱኝ ግራና ቀኝ የቆሙት እነማን ናቸው? የተለመዱት። በግራ እሱ፤ በቀኝ ሽማግሌው።

እውነቱን ልናገር፤ ሄጄ ቆምኩ። አፌ «አልሸከምም» ሊል ነበር፤ እግሬ ግን ሃያ ዓመት በለመደው ሄደ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አንገቴን አቀረቀርኩ። ኩንታሉ ከመሬት ሲነሳ ጆንያው ሲንሿሿ ሰማሁ። የዚያን ጠዋት ቆርቆሮ፣ የማይመጣውን ሽንት አየሁ። ዘወር አልኩና ከሥሩ ወጣሁ።

«ፈራ!» አለ አንዱ።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልኩ። «የፈራሁት ኩንታሉን አይደለም። የግራውን እጅ ነው።»

አሸካሚው ሳቀ። «እንዴት ያለ ቀበጥ ነው ባካችሁ! ና ግባ፣ እንይዝልሃለን።»

ያኔ ሽማግሌው የያዙትን ጎን ለቀቁ። ኩንታሉ መሬት ላይ ወድቆ አፉ ተፈታ፤ ስንዴው ፈሰሰ። በእኛ ዘንድ እህል ማፍሰስ ነውር ነው፤ ሁሉም ጮኸ። እሳቸው አልጮኹም። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ከዚህ ልጅ ጋር ሆኜ ይህን ሰው ሁለተኛ አላሸክምም» አሉ። «ያን ዕለት ‹ያዝኩ› አላለም። ከእኔ ወዲያ ያለው ጎን ባዶ ሲሆን ክብደቱን በክንዴ አውቄዋለሁ። የእህቴ ልጅ ስለሆነ ዝም አልኩ። አርባ ቀን ሙሉ ሶላት አልጥም አለኝ።» እናቱ ባል አግብታ የወጣች እህታቸው መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ እሱ በአባቱ በኩል የክርስቲያን ልጅ ነው፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ባሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመድ አይደንቅም።

መሪው አሸካሚውን አየውና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ተርታ ትሸከማለህ» አለው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ስንዴውን በእፍኙ ማፈስ ጀመረ።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ይቅርታ ሊጠይቅ ሽማግሌ ላከ፤ አልቀበልም አልኩ። ሁለተኛ ላከ፤ እንደገና መለስኳቸው። ባለቤቴ «እስከ መቼ?» አለችኝ። «አውራ ጣቴ እስኪነሳ» አልኳት። በየሳምንቱ ጎባ እሄዳለሁ። ከአምስት ወደ አሥር መለሰችኝ። መነሳት አስተማረችኝ፤ የወደቀ ነገር ወገብን አጥፎ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ደረት ላይ አስጠግቶ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል መጎንበስ ተማርኩ። ሚያዝያ ላይ ጣቷን አውራ ጣቴ ላይ አድርጋ ገፋች፤ አልወደቀም። ባለችው ጉልበት ሁሉ ገፋች። «ጎበዝ» አለች። ቀጥላ፣ «ኩንታል ግን አበቃ። ለዘላለም» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ እግሬን ሰጠችኝና ሥራዬን ወሰደችብኝ። ማንን ልቆጣ?

ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ሲመጡ ሦስተኛ መመለስ ነውር ስለሆነ በር ከፈትኩ። ከኋላቸው እሱ ነበር፤ በአባቱ ወገን ልማድ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ። ልማዱ ይህ ነው፤ ተበዳዩ ራሱ ድንጋዩን ካላወረደለት ይቅር አልተባለም። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም። ተሸካሚ ትንሽ ድንጋይ ይዞ አይመጣም።

አየሁት። መሬት መሬት ያያል፤ ማን ፊቱ እንደቆመ አያይም። ቆየሁ። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ሲንቀጠቀጥ አየሁና፣ ይቆይ አልኩ በልቤ፤ ትንሽ ይቆይ። ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የተሰማኝ ግን ፍርሃት ነው፤ የእሱ ሳይሆን የእኔ። ድንጋዩን አውርጄ መሬት ላይ ማስቀመጥ አለብኝ፤ በሰው ፊት፣ በግራ እግሬ። ብወድቅስ? ሽቦው ቢመለስስ? ባለቤቴ በበሩ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«ምን ያህል ይመዝናል?» አልኩት።

ከሥሩ ሆኖ፣ «ሃያ አይሞላም» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «የደወለችው እናቴ ነበረች። ታማ ነበር። በዚያ ሰበብ አይደለም የመጣሁት፤ ውሸቴ ነው ያመጣኝ» አለ።

ተጠጋሁት። ድንጋዩን ደረቴ ላይ አስጠጋሁ። ወገቤን ሳላጥፍ ጉልበቴን አጠፍኩ። ጭኔ ውስጥ አንድ ነገር ነዘረኝ፤ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ወረድኩ፤ ድንጋዩ መሬት ነካ። ከዚያ መነሳት ቀረ። ተነሳሁ። ማንም እጄን አልያዘኝም።

«ይቅር» አልኩ። «ሁለተኛውን ተርታ ከነገ ጀምሮ ተው። ቦታዬን ለሌላ ይስጡት።»

መሪው ለእኔ የጆንያ አፍ መስፋት ሰጠኝ፤ ቆሜ፣ ጉልበቴን አጥፌ የምሠራው ነው። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ ግንቦት አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀትር በፊት።